የኡንጋር ስም ተከራይ

ሽራጋ ሌፍኮቪትስ እስከ አርባ ስምንት ዓመቱ ድረስ ጨርቅ ቆራጭ ነበር። ብሩንስዊክ የነበረው የኮት ፋብሪካ ሲዘጋ መቀሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ባለቤቱ ፔርል እንደምትለው፣ ለሦስት ወር ያህል የሳሎኑን መጋረጃ እያየ «ይሄ ተጣሟል» ከማለት በቀር ሥራ አልነበረውም። ወደ ምግብ ማብሰል የገባው ወዶ አይደለም። በዚያ ዕድሜው ሥራ የፈታ ሰው የሚደውለው ለጓደኛው ነው፤ የሽራጋ ጓደኛ ደግሞ አንሼል ኡንጋር ነበር።

እኔ ቤረል እባላለሁ። በሽራጋ ሱቅ ዘጠኝ ዓመት የሃይማኖታችን የምግብ ሕግ ተቆጣጣሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ምድጃውን የምለኩሰው፣ እንቁላሉን አንድ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ እየሰበርኩ ደም ያለበትን የምደፋው፣ ሰላጣውን ቅጠል በቅጠል ወደ ብርሃን እያዞርኩ ትል የምፈልገው እኔ ነበርኩ። ደሞዜን የሚከፍለኝ ሽራጋ ሳይሆን የረቢዎቹ ማኅበር ነው። ያም ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ከአንድ ሰው ጎን ቆሞ ለማንም አላደላም ማለት ውሸት ይሆናል።

የኡንጋር አባት ከጦርነቱ በኋላ ከሃንጋሪ ባዶ እጁን መጥቶ ኮልፊልድ ውስጥ ሾርባ ቤት የከፈተ ሰው ነው። ሐሙስና አርብ ሴቱም ወንዱም የሰንበቱን ዶሮና ሾርባ ሊወስድ በሩ ላይ ይሰለፋል። ልጁ አንሼል አድጎ ሱቁን ሲረከብ ሾርባውን እንደነበረ ትቶ ስሙን ማከራየት ጀመረ። ሰው ቤት እንደሚከራይ ስም ይከራያል፤ ፍራንቻይዝ የሚሉት ይህንኑ ነው። «የኡንጋር ድስት» የሚለውን ሰማያዊ ታፔላ ትሰቅላለህ፣ ቅመሙን በታሸገ ከረጢት ከኡንጋር ትወስዳለህ፣ ካሮቱን እሱ ባለው ውፍረት ትከትፋለህ፣ ከምታገኘው ላይ ድርሻውን ትሰጣለህ። አንደኛው ሱቅ ሲድኒ ተከፈተ። ሁለተኛውን፣ ሪፖንሊ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለውን፣ ሽራጋ ያዘ።

ውሉን የፈረሙት ኡንጋር ቤት፣ ምሳ ጠረጴዛ ላይ ነው። ፔርልም ነበረች፤ ስንት ጊዜ እንደነገረችኝ አልቆጥረውም። ሽራጋ ገጾቹን እየገለጠ አንድ አንቀጽ ላይ ቆመ። በመካከላችን ክርክር ቢነሳ ወደ መንግሥት ፍርድ ቤት አንሄድም፤ ከወገኖቻችን ሦስት ረቢዎች ይፍረዱን፤ የፈረዱትንም እንቀበላለን ይላል።

«ይሄን ደሞ ምን አስገባህ?» አለው።

«ጠበቃው ነው። ለሁሉም ያስገባል።»

«እኔና አንተ ልንካሰስ?»

«ፈርም ባክህ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ» አለ ኡንጋር።

ፈረመ።

ሽራጋ ካሮት ሲከትፍ ላየው ጨርቅ የሚቆርጥ ነው የሚመስለው። አይቸኩልም፤ አንዱ ከአንዱ አይበልጥም። ኡንጋር ማክሰኞ ማክሰኞ በኮቱ ኪስ የራሱን ማንኪያ ይዞ ይመጣና ከድስቱ ቀምሶ ወይ «ጨው» ይላል ወይ ዝም ይላል። ዝም ካለ ጥሩ ነው ማለት ነው። ከዚያ ሁለቱ ከጀርባ ባለው ሣጥን ላይ ተቀምጠው በልጅነታቸው ስላስተማራቸው ጆሮ ጠምዛዥ መምህር ያወራሉ። እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ዓመት ሄደ። የሽራጋ የእግር ደም ሥሮች አበጡ፤ ጉልበቱ መንጓጓት ጀመረ። ሐሙስ ሲመሽ ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው ቆዳው ላይ የተወው መስመር እስከ ማግስቱ አይጠፋም ነበር። ደከመኝ አይልም። «ዛሬ ሐሙስ ነው» ይላል፤ እኛም እንደዚያው እንረዳው ነበር።

ነገሩ የመጣው በአንዲት ደንበኛ አፍ ነው። እርጉዝ ሴት ናት፤ ሰልፉ ላይ ተራዋ ሲደርስ ዕቃዋን እያቀበለችው፣

«እንኳን ደስ አለህ፣ ረብ ሽራጋ» አለችው። በሰፈራችን ያገባ ወንድ ሁሉ ረብ ነው።

«በምን?»

«ባላክላቫ ሁለተኛ ልትከፍት አይደል እንዴ? ታፔላው እኮ ተሰቅሏል።»

ሽራጋ ዕቃዋን ተቀበላት። «ዶሮው ሙሉ ነው ግማሽ?» አላት።

ባላክላቫ ከሪፖንሊ አንድ ጣቢያ ነው። በእግር አሥራ ሁለት ደቂቃ ያስኬዳል፤ እኔና እሱ ግን ሃያ ፈጀብን። እውነትም ያው ሰማያዊ ታፔላ፣ ያው ጽሑፍ፣ ተሰቅሏል። ውስጥ የኡንጋር ልጅ ባል መሰላል ላይ ወጥቶ ግድግዳ ይቀባል። ሲያየን ወረደና ቀለም የነካውን እጁን እያየ «ሰላም ረብ ሽራጋ» አለ። ሽራጋ ግድግዳውን ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ «ጥግ ጥጉን ሁለቴ ቀባው፣ እንፋሎት ይበላዋል» ብሎት ወጣ።

ከሱቁ ለኡንጋር ሲደውል አጠገቡ ነበርኩ። ኡንጋር ሲናገር ስልኩ አይበቃውም፤ የሚለው ሁሉ ይሰማኝ ነበር።

«አንሼል፣ ባላክላቫ።»

«ልነግርህ ነበር።»

«መቼ?»

«ከበዓሉ በኋላ። ልጅቷ ሦስት ልጅ ታቅፋለች፣ ባሏ ሥራ ፈቷል። ምን ላድርግ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

«እኔስ?»

«አንተማ የራስህ ደንበኛ አለህ። ሰው ለአንተ ብሎ ነው የሚመጣው።»

«ለእኔ ብሎ ከሆነ የሚመጣው፣ ስምህን ለምን ተከራየሁ?»

ሽራጋ ስልኩን ዘጋና ዶሮዎቹን ገለበጠ።

በሁለት ወር ውስጥ የሐሙሱ ሰልፍ ከበሩ ወደ ውስጥ ገባ። በአራተኛው ወር ሰልፍ የሚባል ነገር ቀረ። የከፋው ደግሞ አዝነውለት የሚመጡት ነበሩ። አንገታቸውን ሰበር አድርገው ይገባሉ፤ ስለ ጤናው ይጠይቃሉ፤ ትንሽ ነገር ገዝተው ይወጣሉ። «የሚያዝንልኝ ሰው ሁልጊዜ ግማሽ ነው የሚያዘው» አለኝ አንድ ቀን።

ፔርል የትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆና የሠራች ሴት ናት። ደብዳቤና ማኅተም ታውቃለች፤ ምላሷም አያርፍም።

«ጠበቃ ያዝ» አለችው፣ እኔ እዚያው ሽንኩርት እየላጥኩ።

«ወደ መንግሥት ፍርድ ቤት አልሄድም። ውሉ አለ፤ ውሉ ባይኖርም ሕጋችን አለ።»

«ሕጉ ለአንተ ብቻ ነው እንዴ የወጣው? ለእሱስ? የጎረቤትን ድንበር መግፋት ለኡንጋር ተፈቅዷል?»

«እሱን ረቢዎቹ ይናገራሉ።»

«በል ወደ ረቢዎቹ ሂድ! ሄደህስ፣ በአባቱ ቀብር ቀን ያለህን ትነግራቸዋለህ?»

«አልነግርም።»

«ለምን?»

«ያን ቀን ሰውየው ሰው አልነበረም። በዚያ ቀን ቃል አይያዝም።»

ፔርል ወደ እኔ ዞረች። «ሰማኸው ቤረል? ይሄ ነው እንግዲህ የምታገለው።»

የቀብሩን ነገር ያኔ ነው የሰማሁት። ከአራት ዓመት በፊት ሽማግሌው ኡንጋር ሲሞቱ፣ ከስፕሪንግቬል መቃብር አንሼልን በመኪናው የመለሰው ሽራጋ ነበር። የአንሼል ኮት እንደ ሐዘን ልማዳችን ደረቱ ላይ ተቀዷል። ቤቱ ሊደርሱ ሲሉ አንሼል፣ «አንተ እዚያ እስካለህ ከሪፖንሊ እስከ ባላክላቫ ሌላ ሱቅ አልከፍትም፤ አባዬም ይወድህ ነበር» አለው። ሽራጋ በሩን ከፈተለት፤ ኡንጋር ወርዶ ገባ። በቃ ይኸው ነው።

ሽራጋ በረቢዎቹ ሸንጎ በኩል መጥሪያ አስላከ። የመጀመሪያውን ኡንጋር «ከጓደኛዬ ጋር ወረቀት አልለዋወጥም» ብሎ መለሰው። ሁለተኛው ሲደርስ ሲድኒ ነበር፤ ወይም ሲድኒ ነኝ አለ። ሦስተኛውን እምቢ ያለ ሰው ስሙ በምኩራቡ በር ላይ ይለጠፋል፤ ለጸሎት ከሚያስፈልጉት አሥር ወንዶችም አይቆጠርም። ሦስተኛው ሲመጣ ኡንጋር እመጣለሁ አለ።

እስከዚያው በምኩራብ አንድ ጣራ ሥር ነበሩ። ኡንጋር ፊት ወንበር ላይ፣ ሽራጋ በሩ አጠገብ። ቅዳሜ ከጸሎት በኋላ አሳና ብስኩት ዙሪያ ቆመን ሳለ አንዱ ቀልደኛ «ሾርባው ፈልቷል ወይስ ገና ነው?» ሲል ሰዎች ሳቁ። ሽራጋም እንደመሳቅ አለ። ወደ ቤት ስንሄድ ግን ከትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ተደግፎ ቆመ። «ቤረል፣ ባልጀምረው ይሻል ነበር» አለኝ። «ብሸነፍ ተሸነፍኩ፣ ባሸንፍ ደግሞ ያን ልጅ ከመሰላል አወርደዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ፈልገህ ነው?»

«እኔ እንጃ። አንድ ሰው ተበድለሃል እንዲለኝ መሰለኝ። ከዚያ ብተኛ።»

እንደ ወጉ አንድ ዳኛ ሽራጋ መረጠ፣ አንድ ኡንጋር መረጠ፤ ሁለቱ ዳኞች ተስማምተው ሦስተኛውን መረጡ። የሽራጋው ዝምተኛ አስተማሪ ነው፤ የሚጽፈውም እሱ ነበር። የኡንጋር ምርጫ ከሲድኒ የመጣ ፈጣን ወጣት ነው። መካከል የተቀመጡት ረቢ ታውበር ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ፣ ግማሽ ከተማውን የዳሩ፣ ግማሹን ያፋቱ ሰው ናቸው።

የየካቲት ሰኞ ጠዋት ነው፤ ከተማው እንደ ምድጃ ግሏል። ከምኩራቡ በላይ ባለው የሕፃናት መማሪያ ክፍል ተቀመጥን። ትልልቅ ወንበር ለዳኞቹ ብቻ ስለተገኘ፣ ሽራጋና ኡንጋር ጉልበታቸው ወደ አገጫቸው ተጠግቶ የልጅ ወንበር ላይ ተጣጠፉ። ፔርልና እኔ ከኋላ ነበርን። ኡንጋር ለረቢ ታውበር ውኃ ቀዳላቸው፤ አልነኩትም። ሽራጋ «እንዴት አደሩ» አላቸው፤ አልመለሱለትም። ዳኛ ለአንዱ ፊት ከሰጠ ሌላውን ነሳ ማለት ነው። ከዚያ ረቢው መሐረባቸውን አውጥተው ዘረጉ። ሽራጋ ጫፉን ይዞ አነሳ፤ ኡንጋርም ይዞ አነሳ። የምትፈርዱትን ተቀብለናል ማለታቸው ነው።

«ረብ ሽራጋ፣ ይናገሩ።»

ሽራጋ ሊነሳ ሲሞክር ጉልበቱ እንቢ አለው። «ተቀምጠው» አሉት። «ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ ተናገሩ።»

ሽራጋ በአጭሩ ተናገረ። አሥራ አንድ ዓመት ቆሜበታለሁ፤ ስሙን አላሰደብኩም፤ አሁን ያንኑ ስም አንድ ጣቢያ አልፎ ሰቀለው፤ እኔ ደግሞ ስሙን አውርጄ እንዳልሠራ ውሉ አምስት ዓመት ይከለክለኛል። ታስሬያለሁ። ይኸው ነው ያለው።

ኡንጋር ወረቀት ይዞ መጥቷል። «ውሉ ላይ ክልል የሚል ቃል የለም። ሪፖንሊ የሱቁ አድራሻ ነው እንጂ ድንበር አይደለም። ለአንድ ሰው ብዬ ልጄን አላስርብም።»

የሲድኒው ወጣት ዳኛ በኡንጋር የተመረጠ ቢሆንም አላደላለትም። «የአሣ አጥማጆቹን ሕግ ያውቃሉ» አለው። «አንዱ መረቡን ከጣለ ሌላው አሣው ዋኝቶ የሚደርስበትን ያህል ይራቅ ይላል።»

«ደንበኛ አሣ አይደለም ረቢ። ደንበኛ ባቡር ይሳፈራል።»

«አሣውስ ቢሆን በእግሩ ይመጣል መሰለዎት?»

አስተማሪው ዳኛ ጽሕፈቱን አቁሞ ፈገግ አለ። ኡንጋር አልሳቀም። «ከተማ ወንዝ አይደለም» አለ። «ነገ ሌላ ሰው፣ ኡንጋር ያልሆነ፣ እዚያው ቢከፍት ሽራጋ ሊከለክለው ነው?»

ረቢ ታውበር ዓይናቸውን ጨፍነው ስለነበር የተኙ መስሎኝ ነበር። «ረብ ሽራጋ የተከራዩት ግን የዚያን ሰው ስም ሳይሆን የእርስዎን ነው» አሉ። «እሺ፣ ወረቀቱን አየነው። ወረቀቱ ዝም ይላል። ረብ ሽራጋ፣ ከወረቀቱ ውጭ በመካከላችሁ የተባለ ቃል አለ?»

ፔርል ክንዴን ያዘች። ሽራጋ ወለሉን አየ። ልጆቹ የለጠፉት የቀለም ወረቀት ከግድግዳው ተልጦ እግሩ ሥር ወድቋል። አልናገርም ብሎ ነበር የመጣው። ግን በሦስት ዳኞች ፊት ተጠይቆ የለም ሊል አይችልም።

«አለ» አለ።

«የት?»

«ከስፕሪንግቬል ስንመለስ። መኪና ውስጥ።»

ኡንጋር ከዚያች ትንሽ ወንበር ላይ ፊቱን አዞረ። «ከአባቴ ቀብር?»

«አዎ።»

«ምን አልኩህ?»

ሽራጋ ቃሉን እንደነበረ ደገመው። ድምፁ ዝቅ ያለ ስለነበር አስተማሪው ዳኛ ሁለቴ አስደገመው፤ ሁለተኛው ላይ ፔርል ዓይኗን ጠረገች።

«ያን ቀን የገዛ ስሜን አላውቅም ነበር» አለ ኡንጋር። «እንዲህ ያለ ነገር አልተናገርኩም። አንተ ግን አባቴን እዚህ ጎትተህ አመጣኸው።»

«ተጠየቅሁ አንሼል።»

«አባቴን ከሾርባ ጋር አስገባኸው!»

ረቢ ታውበር እጃቸውን አነሱ። «ይበቃል። አንዱ ተብሏል ይላል፤ አንዱ አልተባለም ይላል። በሕጉ የካደው ይምላል። በዚህ ሸንጎ ግን አርባ ዓመት ሙሉ ማንንም አስምዬ አላውቅም፤ ወደፊትም አላስምልም። በመሐላው ምትክ ረብ አንሼል ከመብታቸው አንድ ነገር ይተዋሉ። ምን እንደሚተዉ እኛ እንወስናለን።»

«አልተውም» አለ ኡንጋር።

«ልማዱ ነው።»

«ከተውኩማ ዋሸ ይሉኛል። ነገ ምኩራቡ ሁሉ፣ ኡንጋር መሐላ ፈርቶ ከፍሎ አመለጠ ይላል። መጽሐፉን አምጡልኝ፤ እምላለሁ።»

በእኛ ዘንድ ሰው እውነት ይዞ እንኳ አይምልም። አባቴ አንድ ጊዜ የከፈለውን ዕዳ አልከፈልክም ተብሎ፣ ከሚምል ብሎ ሁለተኛ ከፍሎታል። ወጣቱ ዳኛ ለኡንጋር በዕብራይስጥ አንድ ነገር ሹክ አለው፤ ኡንጋር በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ረቢ ታውበር ወደ ኡንጋር ዞሩ። «አያውቁትም የሚሉትን» አሉት። «ረስተውት ቢሆንስ? የረሳ ሰው ምሎ ምን ይሆናል?»

«አልረሳሁም። አላልኩም። አምጡልኝ።»

ተነሳ። እንደዚያ ባለ ትንሽ ወንበር ላይ ቆይቶ የተነሳ ሰው ረጅም ይመስላል። ፊቱ ቀልቷል፤ የኮቱን አዝራር ሊቆልፍ ይሞክራል፣ አልገባለት አለ። እኔ ያየሁት ቁጣ ብቻ አልነበረም። ያን ቀን ያለውን ለማስታወስ አንድ ዓመት ሙሉ ቢሞክር የሚመጣለት መቃብሩ ላይ የሚወድቀው አፈር ድምፅ ብቻ የሆነ ሰው ይመስለኝ ነበር።

«አይማል» አለ ሽራጋ።

ሁሉም ዞረ።

«ቃሉን ትቼዋለሁ። አልተባለም ብላችሁ ጻፉ።»

«ሽራጋ!» አለች ፔርል።

ረቢ ታውበር ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። «ረብ ሽራጋ፣ ተብሎ ነበር?»

«ተብሏል። ግን እሱ የለም ካለ በእኔ ምክንያት አይማል። በወረቀቱ ፍረዱ። ደክሞኛል።»

ከማውቀው ጊዜ ጀምሮ ያንን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ኡንጋር የሚከራከረው አጥቶ፣ የሚምልበትም አጥቶ ተቀመጠ። ለረቢው ቀድቶት የነበረውን ውኃ ራሱ ጠጣው።

ዳኞቹ ለሦስት ሳምንት መከሩ። ፍርዱን አስተማሪው ዳኛ ነው ያነበበው። የባላክላቫው ሱቅ አይዘጋም፤ ወረቀቱ አልከለከለውም። ነገር ግን ቀድሞ የነበረ ሰው እንጀራው ጠቧልና እንደታሰረ ሊቀር አይገባም። ከዛሬ ጀምሮ ሽራጋ ሌፍኮቪትስ ከውሉ ነፃ ነው፤ ታፔላውን አውርዶ እዚያው ቦታ፣ እዚያው ምድጃ ላይ በራሱ ስም ሊያበስል ይችላል፤ ኡንጋር አይከለክለውም። መጨረሻ ላይ ረቢ ታውበር በራሳቸው እጅ የጨመሩት አንድ መስመር ነበር። ሸንጎው ከሳሹ እንደተበደለ ያያል ይላል።

ደረጃውን ስንወርድ ፔርል ከፊታችን ነበረች። «ለዚህ ነው ሰባት ወር?» አለች ለደረጃው። «ስድሳ ሊሞላው ነፃ አወጡት። ነፃ ወጥቶ ምን ያድርግ፣ ይጨፍር?»

«መስመሯን ሰማሽ?» አላት ሽራጋ።

«ሰምቻለሁ። መስመር አይበላም።»

«አይበላም» አለ። ቤቱ ገብቶ ከሰዓት እስከ ማግስቱ ጠዋት ተኛ። ጠዋት ለምድጃው ሲጠራኝ ፊቱ የትራስ ስፌት ታትሞበት ነበር።

ታፔላውን ራሳችን አወረድነው። ሰማያዊው ሲነሳ ግድግዳው ላይ የቀረው ነጭ አራት ማዕዘን ብቻ ነበር። ስም ምን ይሁን ስንል ፔርል «ሌፍኮቪትስ ረጅም ነው፤ ለፊደሉም ያስከፍላሉ» አለች። ያለ ስም ቀጠለ። ቅመሙን እኔና እሱ እየቀመስን ሠራነው፤ የመጀመሪያው ወር ሾርባ መጥፎ ነበር፤ ከዚያ ተሻለ። ከቀሩት ደንበኞች ግማሹ ልዩነቱን አላወቀም፣ ግማሹ በፊት ይሻል ነበር አለ። ሽራጋ ለሁለቱም «እሺ» ይላል። ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ሠርቶ የኪራዩ ውል ሲያልቅ አላደሰውም። አሁን ቦታው ላይ የመነጽር ሱቅ አለ። የባላክላቫው ሱቅ ግን አልቆየም። የኡንጋር ልጅ ባል በሁለተኛው ክረምት ዘግቶ ሰው ቤት ተቀጠረ። ይህን ስሰማ ለሽራጋ ነገርኩት፤ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። «ሦስት ልጆች አሉት እኮ» አለኝ።

ከኡንጋር ጋር ሰላም ይባባላሉ፤ ከዚያ አይዘልም። በማስተሰረያ ቀን ዋዜማ ሰው ሁሉ ይቅርታ ሲጠያየቅ ኡንጋር መጥቶ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ፣ «አሁንም አላስታውሰውም» አለው። ሽራጋ «አውቃለሁ» አለ። ይቅር ተባባሉ፤ ግን አልተቀመጠም፣ ግባም አልተባለም።

አምና የኡንጋር ባለቤት ሞተች። ሐዘን በተቀመጠ በሦስተኛው ቀን ከሽራጋ ጋር ሄድኩ። ኡንጋር ዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ነበር፤ ጢሙ አድጓል፤ መስተዋቶቹ እንደ ልማዱ ተሸፍነዋል። ሐዘንተኛው ሳይናገር እንግዳ አይናገርም። ስለዚህ ተቀመጥን። ሌሎች ገቡ፣ ወጡ። ሩብ ሰዓት አለፈ፣ ግማሽ ሰዓት። ኡንጋር አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ሽራጋን አየው፤ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ሌላ ሰው ገባና ዘጋው። ሽራጋ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል፤ የሚያስቸኩለው የለም። በመጨረሻ ተነሳን፤ ለሐዘንተኛ የሚባለውን የመጽናኛ ቃል ብለን ወጣን።

ትራም ጣቢያው ላይ አንዱ ትራም መጣ። ልሳፈር ስል ሽራጋ እጄን ያዘኝ። «ይሄ ይሂድ» አለ። ሄደ። ሁለተኛውም መጣ፤ ሽራጋ ወደ ኡንጋር ቤት የሚወስደውን መንገድ ሲያይ እሱም ሄደ። ሰዉ ከገበያ እየተመለሰ ነበር፤ ከከረጢቶቹ ሽንብራና ፓርስሊ የሚሉት ቅጠል ይታያል።

«ሊነግርህ የፈለገ ነገር ነበር መሰለኝ» አልኩት።

«ይመስለኛል።»

«ምን ይሆን?»

ትከሻውን ነቀነቀና ጣቢያው ላይ የተለጠፈውን የጉዞ ሰሌዳ ማንበብ ጀመረ፤ በጣቱ መስመሩን እየተከተለ፣ ቀጣዩ በስንት ሰዓት እንደሆነ ፈልጎ እስኪያገኘው።